ጋሼ ሀብተ ወልድ አቻ ያሉት ጨዋታ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1978

ዝናብ ሲያበሰብሰን ዋለ። ከሱቁ ፊት ያለው ቦይ ሞልቶ ወደ ውስጥ ሊገባ ምን ቀረው። የሱቁ ባለቤት ጁነዲን መጥረጊያ ይዞ ውሃውን ወደ ጎረቤት ሲገፋ፣ ጎረቤት መልሶ ወደ እኛ ሲገፋ... ምሳ ሰዓት ደረሰ። ሁለት ሬዲዮ ጠገንኩ። ሦስተኛውን የባሰ አበላሸሁት። አትክልት ተራ ድንች የምትሸጥ ሴትዮ ናት የሬዲዮው ባለቤት። ሰኞ ስትመጣ ምን ልላት? "ዕቃው ገና አልመጣም" እላታለሁ። ሁሌ የምለው እሱን ነው።

ከሰዓት ጓድ ከተማ መጣ፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ለአብዮት በዓል አንድ ሳይንሳዊ ነገር ካላሳየሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። አምና ያቀረበው የገመድ ጉተታ ከከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ ካለው ቢሮ፣ ለመጡት እንግዶች አልጣማቸውም አሉ። አሁን የኮምፒዩተር ቼዝ ውድድር ይዞ መጥቷል። ማሽን ከማሽን የሚጫወትበት። የት ሰማው? እንጃ። ጁነዲን ከድሬዳዋ በባቡር ያስመጣው፣ ገዢ አጥቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ፣ ራሱ እያሰበ የሚጫወት የቼዝ ሳጥን እንዳለው ግን ያውቃል። እንዴት አገር እንደገባ አልጠየቀም። "ዘውገ ያጫውተው" አለ። ሳጥኑ ያስባል፣ እኔ ጠጠሮቹን አንቀሳቅሳለሁ ማለት ነው። ደግ፣ ከሬዲዮ ይሻላል።

ዳኛ ማን ይሁን ሲባል መሳለሚያ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነው። ጋሼ ሀብተ ወልድ። ጆንያና ገመድ ይሸጣሉ፣ ሰው የሚያውቃቸው ግን በሰንጠረዥ፣ በአገራችን ቼዝ፣ ነው። እሳቸው ፊት ተጫውቶ የተጣላ የለም። የእኔም የክርስትና አባት ናቸው። ጓድ ከተማ ይህን ያወቀ አልመሰለኝም... ማንስ ይጠይቃል?

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሴትዮዋ መጣች። "ዕቃው ገና አልመጣም" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ነገሩ ዛሬ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ጓድ ከተማ ከከፍተኛው ወሬ ይዞ መጣ። ያሸነፈው አጫዋች ምሥራቅ ጀርመን፣ ድሬስደን፣ ለስድስት ወር የኮምፒዩተር ጥገና ሥልጠና ይላካል። አንድ ቦታ ብቻ። እኔ? አውሮፕላን? ከመርካቶ ርቄ የሄድኩበት ሩቅ አገር ናዝሬት ነው።

ለእማዬ መናገር አልነበረብኝም። ነገርኳት። የያዘችውን ማማሰያ አስቀምጣ ለማርያም ጥላ ተሳለች። እስከ ነገ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይሰማል። ገና አንድ ጠጠር ሳላንቀሳቅስ...

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነን። እኔ፣ የቴክኒክ አስተማሪው ካሳ፣ እና የሻሽወርቅ የምትባል ልጅ። ካሳ ሰውን ሁሉ ተማሪው ያደርጋል፤ ማሽኑን ራሴ ገጣጠምኩት እያለ ያወራልናል። የሻሽወርቅ በመሥሪያ ቤቷ የኮምፒዩተር ክፍል መረጃ የምታስገባ ናት። ወንድሟ ከውጭ የላከላት ትንሽ ኮምፒዩተር አለቻት፤ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክታ የምትታይ፣ ፕሮግራሙን ከቴፕ ካሴት የምታነብ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። አላመንኩም። ከዚያ አሳየችኝ።

በተራ ጨዋታ ማሽኗ ቀርፋፋ ናት። የእኛ ሳጥን ይበልጣታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። "ማኅደር" ትለዋለች የሻሽወርቅ። ንጉሥና ግንብ ባንድ በኩል፣ በወዲያ በኩል ንጉሥ ብቻውን ሲቀር ሊኖር የሚችለውን አቀማመጥ ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር አስቀድማ አስልታ አስቀምጣዋለች። እንዴት አድርገሽ? ንጉሡ ከሞተበት ተነስቼ ወደ ኋላ አለችኝ። ሳይሞት በፊት የት ነበር? ከዚያስ በፊት? እንዲያ እያለች ሁሉንም። ስለዚህ ማሽኗ እዚያ ከደረሰች ማሰብ የለባትም፤ ታውቀዋለች። ንጉሡ የፈለገውን ቢያደርግ ቢበዛ በአሥራ ስድስት እርምጃ ይሞታል።

መጽሔት ላይ ያነበበችውንም ነገረችኝ። ውጭ አገር በትልልቅ ማሽን እንዲህ እያሰሉ ነው አሉ። ሁለት ጳጳስ ከአንድ ፈረስ ጋር ሲገጥሙ፣ ፈረሱ ጥሩ ቦታ ከያዘ አቻ ነው ሲባል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ማሽኑ ሲቆጥረው ጳጳሶቹ ያሸንፋሉ። ግን ፈረሱን እስኪበሉት ስልሳ ስድስት እርምጃ ድረስ ሊፈጅ ይችላል። የቼዝ ሕግ ደግሞ ሃምሳ እርምጃ ምንም ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ ካለፈ አቻ ነው ይላል። "ታዲያ ማን ይሰማ? ሕጉ ወይስ ማሽኑ?" ብላ ሳቀች። ሕጉን ለእንዲህ ዓይነቱ ሲሉ አራዘሙት አለችኝ። ስትስቅ ደግሞ... ተወው ዘውገ።

ድሬስደንን እሷም ትፈልጋለች። ፈረስና ጳጳሱን በትልቅ ማሽን ራሴ ልቁጠረው ትላለች። እኔ ለምንድነው የምፈልገው? አውሮፕላኑን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሀብተ ወልድ ቤት ዋልኩ። ጓድ ከተማ የእንግሊዝኛ የቼዝ ሕግ መጽሐፍ ሰጥቶኛል፤ በአማርኛ እንዳነብላቸው። ቼዝ ከእኛ ሰንጠረዥ ጋር አንድ እንዳልሆነ ጋሼም ያውቃሉ። ለዚህም ነው እያንዳንዷን ነገር የሚያስደግሙኝ። ንግሥቲቱ በሰሌዳው ሙሉ እንደምትሮጥ ስነግራቸው፣ ባሏ ምን ይላል ብለው አሳቁኝ። ተማሪ ሆኑልኝ። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም፣ እሳቸውን ማስተማር ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተቃርቧል። ስታዲየም ጨዋታ አለ፣ ጓደኞቼ ይጠብቁኛል። ምዕራፉ ስለ አቻ ነው። ረጅም። "ይቺን እንኳ እርስዎ ያውቋታል ጋሼ፣ ከእኛው ጋር ያው ናት" አልኳቸውና መጽሐፉን ከደንኩት። "አንተ ካልክ" አሉኝ።

ኳሱም አስጠሊታ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ያቺን ምዕራፍ ሱቅ ቁጭ ብዬ አነበብኳት። ያው አይደለችም።

በጋሼ ሰንጠረዥ ንጉሡ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆ ብቻውን ከቀረ አይገደልም። ብቻውን የቀረን ማሳደድ ነውር ነው፤ ጨዋታው አቻ ተብሎ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። በቼዝ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ግንብ የያዘው ሰው ያን ብቸኛ ንጉሥ አሳዶ፣ ጥግ አስይዞ ይገድለዋል፤ ያሸንፋል። ለጋሼ ልነግራቸው ይገባል። ነገ በዚያ ሳልፍ።

ነሐሴ 20

አልነገርኳቸውም። ሥራ በዛ... ሥራስ አልበዛም። እንዲያው ያው ናት ብዬ መልሼ አይደለችም ማለት ደበረኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ተጀመረ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ግማሹ ሰው ቴሌቪዥኑን አይቶ ፊልም የሚታይ መስሎት ነው የገባው። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ጠጠር ሲያንቀሳቅስ... "ኧረ ድምፅ ጨምሩበት" ያለም አልጠፋ።

ሳጥኔ የካሳን ማሽን ደህና አድርጎ ረታው። ካሳ ምክንያቱን ሲያስረዳን ግማሽ ሰዓት ቆምን። ከሰዓት ካሳና የሻሽወርቅ ገጠሙ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኗ የያዘችውን ሁሉ ረሳች፤ ካሴቱ እንደገና ከመጀመሪያው። ልጅቷ ላብ አጠመቃት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ማሽኖች እዚያው በዚያው ሲመላለሱ ጊዜ ጋሼ አቻ አሉ፤ የተከራከረ የለም።

እኔ አንድ ነጥብ፣ እሷ ግማሽ፣ ካሳም ግማሽ። ካሳ ጨረሰ። የሚቀረው የእኔና የእሷ ጨዋታ ነው፤ አቻ ከወጣን ድሬስደን የእኔ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 2 ቀን 1979

ሁሉም አልፏል፤ አሁን ልጻፈው።

ከአብዮት በዓሉ ሰልፍ መልስ አዳራሹ ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ሞልቶ ነበር። ከከፍተኛው የመጡት እንግዶች ፊት ላይ ተቀምጠዋል። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ። ሳጥኔ መጀመሪያ ላይ አሪፍ ነበር። ከዚያ አንድ ፈረስ በሞኝነት አስበላ፤ ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር ቁልቁል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ላይ የቀረኝ ንጉሤ ብቻ ነው። የሻሽወርቅ ንጉሥና ግንብ አላት።

ማሽኗ ሌላ ሆነች። በፊት አንዷን እርምጃ ለመጫወት ደቂቃዎች የምትፈጅብን ማሽን፣ አሁን እጄን ከጠጠሩ ሳላነሳ መልሱን ቴሌቪዥኑ ላይ ትጽፈዋለች። የሻሽወርቅ ተነስታ ለሕዝቡ፣ ከዚህ በኋላ ቢበዛ አሥራ ሦስት እርምጃ ነው አለች። አለቀ በቃ አልኩ በልቤ። እማዬን ላለማየት ወደ መሬት አቀረቀርኩ።

ያኔ ጋሼ ተነሱ። መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ።

"በቃ። ንጉሡ ብቻውን ቀርቷል። ብቻውን የቀረን ማሳደድ ነውር ነው። አቻ።"

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ አንዱ፣ በዚህ ዘመን ለንጉሥ ምሕረት አለ እንዴ ብሎ ሊያሾፍ ጀመረና እንግዶቹን ሲያይ ዋጠው። የሻሽወርቅ፣ ጋሼ በቼዝ እኮ እንዲህ አይደለም አለች። ካሳም ከኋላ ጮኸ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘውገ፣ መጽሐፉን ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ምን ይላል?"

የሻሽወርቅ አየችኝ። ምንም ፍርሃት ፊቷ ላይ የለም፤ እኔ እንደማውቅ ታውቃለች፣ እኔ ከተናገርኩ ነገሩ ያበቃል ብላለች። እኔም አውቀዋለሁ። ምዕራፏን ከነገጿ አውቃታለሁ።

"የዳኛ ቃል የመጨረሻ ነው ይላል" አልኩ።

ይላል። እውነት ነው፣ እንዲያ የሚል መስመር አለ። ውሸት አልተናገርኩም። ይቺ ናት ከሁሉም የምታቃጥለኝ። እዚያ ቆሜ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ውሸት ያልሆነች ነገር ፈልጌ አገኘሁ።

ጓድ ከተማ አጨበጨበ፣ ሰው ተከተለው። እማዬ እልል አለች። ጋሼ ግንባሬን ሳሙኝ። የሻሽወርቅ ካሴቷን አውጥታ ሽቦውን ኮምፒዩተሯ ላይ ስትጠመጥም ነበር። ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

እንኳን ደስ አለህ የሚለው ሰው አላቆመም። እማዬ ጥላውን ልትገዛ ምን ዓይነት ዘርፍ ይሻላል ትለኛለች። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 7

የሻሽወርቅ ሱቅ መጣች። ጁነዲን ወንበር ሰጣት፣ አልተቀመጠችም። ክስ የማቅረብ ሐሳብ የለኝም አለችኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።

"ታውቅ ነበር?"

መበየጃው እጄ ላይ ነበር። ጭሱን እያየሁ፣ እኔም አላወቅኩም፣ ያን ምዕራፍ በደንብ አላነበብኩትም ነበር አልኳት። "ይቅርታ፣ ጠርጥሬህ ነበር" አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቀችኝ እኮ! እኔን! አንገቴን ነቀነቅኩ። ይቅርታዋን ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ መስከረም 12

ካሳ አልተኛም። ከትምህርት ቤቱ መጽሐፉን አግኝቶ፣ ገጹን አጥፎ፣ ለጓድ ከተማ ወስዶለታል። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጋሼ የክርስትና አባቴ መሆናቸውንም ደርሶበታል። አሁን ወሬው ሽማግሌው አላወቁም ሳይሆን ለክርስትና ልጃቸው አደሉ ሆኗል። ከመስቀል ማግስት እሑድ ስብሰባ ተጠርቷል። ሂስና ግለ ሂስ። ርዕሱ "በዳኝነት ላይ የታየ አድልዎ"።

በመሳለሚያ ሳልፍ ጋሼ በራቸው ላይ ብቻቸውን ነበሩ። በዚያ ሰዓት አራት አምስት ሰው ከቧቸው የሚጯጯህበት ሰዓት ነው። ሰንጠረዡ ተዘርግቷል፣ የሚቀመጥ የለም። ተሻግሬ በወዲያኛው መንገድ ሄድኩ። አላዩኝም መሰለኝ... አይተውኛል።

ጁነዲን እንኳ ዛሬ "ሰውዬው ግን ምነው?" አለኝ። ሃያ ዓመት የሚያውቃቸው ሰው። አንድ ቃል ብናገር ይጠራሉ፤ ያቺ ቃል ደግሞ ድሬስደንን ትወስዳለች። የእማዬን ጥላ፣ የሰፈሩን እልልታ፣ ሁሉን። ይኸው ነው ነገሩ። ሌላ ምንም የተወሳሰበ ነገር የለውም።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

እውነቱን ለጋሼ ልነግራቸው ሄድኩ። ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ቃሉን እየደጋገምኩ። ጋሼ ጆንያ ያጥፋሉ። አፌን ሳልከፍት፣ ጀርመን ብርዱ እንዴት ነው፣ ጠይቀሃል ወይ አሉኝ። አልጠየቅኩም። ወደ ጓዳ ገብተው ካፖርታቸውን ይዘው መጡ። ያን ግራጫውን፣ ለለቅሶና ለትልቅ በዓል የሚለብሱትን። "ለኔ ከእንግዲህ የት ልሄድበት ነው" አሉ።

ስለ ስብሰባው አንድም ቃል አላነሱም። ምን ብለህ ነበር ብለው አልጠየቁኝም። ትከሻዬ ላይ አድርገው ለኩልኝ፤ እጅጌው ትንሽ ያጥራል። አመሰግናለሁ ጋሼ አልኩ።

ካፖርቱን ይዤ ወጣሁ። ሳልናገር። የትኛውም አህያ ከእኔ ይሻላል።

እሑድ፣ መስከረም 18

የሆነውን እንደሆነ ልጻፍ።

ጓድ ከተማ ካሳን አስነሳ። ካሳ መጽሐፉን ከፍቶ ምዕራፉን አነበበ፣ ተረጎመ፣ የዝምድናችንን ጉዳይ አከለ። ጥሩ ተናገረ፤ የሚሰደብበት ነገር የለም። የሻሽወርቅ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጓድ ከተማ፣ ጋሼ ምን ይላሉ አላቸው።

እኔ ልነሳ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጉልበቴ ተነስቶ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፦

"ልጁ ሕጉን አንብቦልኛል። ብቸኛ ንጉሥ በቼዝ እንደሚገደልም ነግሮኛል። የለመድኩት በለጠብኝና እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለዚች ልጅ የተወሰደባት ይመለስላት። ልጁን አትንኩት።"

ጋሼ ሀብተ ወልድ ዋሹ። እሳቸው፣ ተጫዋች ጠጠር በክርኑ ቢገፋ እንኳ ይቅር የማይሉት። ሰው ፊት፣ ለእኔ ብለው። እንዳልነገርኳቸው እያወቁ። ማለት... አዳራሹ ውስጥ ከጠየቁኝ ቀን ጀምሮ መደበቄን ያውቁ ነበር? ካፖርቱን ሲሰጡኝም?

ዝም ብል ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ስሜ ንጹህ፣ ምናልባት ሌላ ዓመት ሌላ ቦታ። ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"አልነገርኳቸውም" አልኩ። "ምዕራፏን ዘልዬ ያው ናት አልኳቸው። በኋላ አንብቤ አውቄያለሁ። እዚህ አዳራሽ ሲጠይቁኝም እያወቅኩ ነው የሸሸሁት።"

ማንም አላጨበጨበም። እኔስ ምን ጠብቄ ነበር? ጓድ ከተማ እኔን ትቶ ወደ ጋሼ ዞረ። "ታዲያ አሁን የነገሩን ምንድነው ጋሼ?" አላቸው። ከኋላ የሳቀ ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን እያዞሩ ቆመው ቀሩ። ስልሳ ምናምን ዓመት ማንም "ዋሹ" ብሏቸው የማያውቅ ሰው፣ በእኔ አፍ፣ በእኔ እውነት... አንድ ደቂቃ ቀደም ብዬ ብነሳ ኖሮ አንዱም አይሆንም ነበር።

በር ላይ ደረስኩባቸው። ጋሼ ስል ቆሙ፣ ግን አልዞሩም።

"በዕድሜዬ አንዲት ውሸት ዋሸሁ፤ እሷንም አላስጨረስከኝም" አሉኝና ሄዱ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ቦታው ለየሻሽወርቅ ተሰጠ። ትክክል ነው። ካሳ መንገድ ላይ ጨበጠኝ፤ ባይጨብጠኝ እመርጥ ነበር።

እማዬ "ብላ" ትላለች፣ ሌላ ነገር አትልም። ጥላውን ግን ገዝታ ቤተ ክርስቲያን አስገብታለች። የተሳልኩት ለእመቤቴ ነው እንጂ ለአንተ ነው እንዴ አለችኝ። በመጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ቀጥሎ በማን ልቆጣ ብዬ ተውኩት።

ካፖርቱን ልመልስ ሄድኩ። ጋሼ ሱቁን ዘግተዋል። ጎረቤት ተቀበለኝ። ጁነዲን ሞኝ ብሎኛል። ቀጥሎ "ቀድመህ ብትሞኝ ምን ነበረበት" አለና ሻይ አዘዘልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የሻሽወርቅ ነገ ትሄዳለች። ዛሬ ሱቅ ስትመጣ ልትሰናበተኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

"የዛን ቀን ይቅርታ ጠይቄህ ነበር" አለች። "መልስልኝ።"

እንዴት ይመለሳል? ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ አውቅ ነበር፣ እዚሁ ቆመሽ ዋሽቼሻለሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም። ከዚያ ስለ ፈረስና ጳጳሱ ጠየቅኳት። በሩ ላይ ሆና ፊቷ ትንሽ ተፈታ። እዚያ ያለው ማሽን ይበቃኝ እንደሆነ እንጃ አለች። እጅ አልተጨባበጥንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዝናቡ ካቆመ ሰነበተ። ጋሼ ሱቃቸውን ከፍተዋል አሉኝ፤ ሰንጠረዡም ወጥቷል። ሰዎች ተመልሰዋል። መዳኘት ግን አቁመዋል፤ ሲጠይቋቸው እኔ አላውቅም ይላሉ። በዚያ በኩል ካለፍኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ዛሬ ጁነዲን ከእሳቸው ጋር ሊጫወት ሲሄድ "ና" አለኝ። እምቢ አልኩ። ከዚያ ተከተልኩት።

ጋሼ ቀና ብለው አላዩኝም። ሰላምታዬን በደፈናው ከሰዉ ጋር ተቀበሉ። ከኋላ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ በልጠዋል፤ ጁነዲን ጢሙን እያሻሸ ነው። መሀል ላይ ጋሼ እጃቸውን ወደ ፈረሳቸው ሰደዱ፣ አንድ ነገር አይተው መለሱት፣ ሌላ ጠጠር ሊያነሱ ሆነ።

ጁነዲን፣ ፈረሱን ነክተዋል፣ የነኩትን ይጫወቱ አለ። እሱ ደግሞ የጋሼ የራሳቸው ደንብ ነው። ጋሼ እጃቸውን አዩት። አልነካሁም መሰለኝ አሉ። ዓይናቸው እንደድሮው አይደለም፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ነክተዋል፣ አልነኩም፣ የእጃቸው ጥላ ነው... አብዛኛው ሰው ወደ እሳቸው አደላ። ያሳዝኑታል መሰለኝ።

ጋሼ ጫጫታው እስኪያልፍ ጠበቁ። ሰሌዳውን እያዩ፦

"ዘውገን ጠይቁት። ከበላዬ ቆሞ ያያል።"

ከዚያ እሑድ ወዲህ ስሜን ሲጠሩ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አይቻለሁ። የትንሿ ጣታቸው ጫፍ የፈረሱን ራስ ነክታለች፤ ጠጠሩ ትንሽ ዞሯል። ፈረሱ ከሄደ ጨዋታው ያልቅባቸዋል። ለአንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ትንሽ ጊዜ፣ አላየሁም ልል አማረኝ። ለእሳቸው ብዬ። እሳቸው ለእኔ እንዳደረጉት።

"ነክተዋል ጋሼ" አልኩ።

ፈረሱን አንስተው ተጫወቱ። ጁነዲን በላው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ተሸነፉና ጠጠሮቹን እንደገና መደርደር ጀመሩ። እኔም እዚያው ቆምኩ። ሂድ ያለኝ የለም።